ሰም የጠጣች ፒክአፕ

እህቴ እልፍነሽ ከሌላ ሰው አፍ የወጣ «አይሆንም» ጆሮዋ አይገባም። ይህን የምለው ላማት ብዬ አይደለም። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ታናሽ ወንድሟ ሆኜ የኖርኩ፣ ጅጋ ላይ ሒሳብ የማስተምር ሰው ነኝ፤ ላማት ብፈልግ ከዚህ የባሰ ብዙ አውቃለሁ። የመኪናዋን ነገር የምጽፈው እኔም የማፍርበት ድርሻ ስላለኝ ነው።

ባሏ ጋሽ ሐብቴ ሹፌር ነበር። ፍኖተ ሰላም ላይ ከመኖሪያ ቤቱ እየተነሣ በበጋ ከገጠር በርበሬ፣ በክረምት ወደ ገጠር ማዳበሪያ ያመላልስ ነበር። ዓይኑ ቀስ በቀስ ደክሞ ጨርሶ ሲጠፋ እልፍነሽ አርባ አንድ ዓመቷ ነበር። ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ነጯ ፒክአፕ ትሸጥ አለ። እሷ ተነሥታ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ሄደች። ፈታኙ ገና ሲያያት ባልሽን ላኪው አላት፤ ሁለት ጊዜ ጣላት፤ በሦስተኛው አለፈች። ይኸው አሥራ ሰባት ዓመት ሆናት፤ መሪው ላይ ተቀምጣ ስትሄድ ገበሬው ከሩቅ እጁን ያነሣላታል።

ማዳበሪያ ግን ብረት ይበላል። ከረጢቱ ሲቀደድ የሚፈሰው ነጭ ፍሬ ከዝናብና ከጭቃ ጋር ተቀላቅሎ ላሜራውን ከሥር ይገዘግዘዋል። ከላይ የታጠበች መኪና እያየህ ከታች ምን እንደሆነች አታውቅም።

አምና በጥቅምት ለዓመታዊ ምርመራ ቡሬ ወሰደቻት። መርማሪው ቴዎፍሎስ ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ንግግሩ ትሑት፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ። መኪና ከሥር ወደሚታይበት ጉድጓድ አልወረደም። ጎንበስ እንኳ አላለም። ሊብሬውን ገልጦ የተሠራችበትን ዓመት አነበበና ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያም «ያረጀች፣ በዝገት የተጎዳች» ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን ሲሰጣት ፈገግ አለ። «እማማ፣ እሷም እርስዎም ዕረፍት ያስፈልጋችኋል» አላት።

እልፍነሽ ወረቀቱን አጣጥፋ ያዘች፤ እኔ ግን ስለማውቃት ፈራሁ። ቦሎ የሌላት መኪና መንገድ አትወጣምና ፒክአፗ ዓመቱን ሙሉ ግቢ ውስጥ ቆመች። ዘንድሮ ደግማ ከወደቀች ታርጋዋ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ መኪናነቷ አክትሞ ብረት ብቻ ትሆናለች። እኔም ብልህ ነኝ ብዬ ባሕር ዳር ያለ አሮጌ ብረት በኪሎ የሚገዛ ሰውዬ አነጋገርኩ። ሳላማክራት ነበር ያደረግኩት። ስትሰማ ሦስት ሳምንት አላናገረችኝም፤ ይገባኝም ነበር።

መስከረም ሲጠባ መኪናዋን በክሪክ አንሥታ ግንድ ደገፈችባት፤ ጆንያ አንጥፋም ከሥሯ ገባች። በሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ግማሽ ቀን ስትፍቅ፣ ስታንኳኳ ቆየች። ስትወጣ ፊቷ በዝገት ቀልቶ ንዴቷ ከአምናው በርትቶ ነበር። በሾፌሩ መቀመጫ ሥር መዳፍ የሚያህሉ ሁለት የበሰበሱ ቦታዎች አግኝታለች። ሌላው ገና ላዩ ላይ ብቻ የያዘ ዝገት ነው፤ ዓመት ሁለት ዓመት ዝም ከተባለ ግን እሱም ይበሳል።

«ልክ ነበር፤ ሳያይ ነው ልክ የሆነው። ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ» አለችኝ።

ትዕዛዙ የሚባለውን መካኒክ አስጠራች። ትዕዛዙ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚሠራው ግን ከተማው የለመደውን ነው። ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍኜ፣ ጥቁር ቀለም ቀብቼ፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ካፈሰስኩባት ለምርመራው ቀን አዲስ ትመስላለች አለ። ለሁሉም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። እልፍነሽ ለአንድ ቀን ብላ መኪናዋን እንደማታኳኩል፣ የተቃጠለ ዘይት በመጀመሪያው ጭቃ ታጥቦ እንደሚሄድና ሽታውም በርበሬው ውስጥ እንደሚገባ ነገረችው። የበሰበሰውን ቆርጦ ጤነኛ ላሜራ እንዲበይድላትና ብየዳው እንዳለ እንዲታይ እንዲተወው አዘዘችው። የቀረውን እኔ አውቃለሁ አለች።

የምታውቀው ከአባታችን ነው። አባታችን ከጅጋ ወጣ ብሎ ባለው ገጠር ንብ አናቢ ነበር፤ ማጭዱንና መጥረቢያውን ለክረምት ሲያስቀምጥ ሰም ይቀባው ነበር። መስከረም ላይ ሲያወጣው ብረቱ እንደገባ ይወጣል። እልፍነሽ ይህን አስታውሳ ጠጅ ከምትጥለው ከሸጋዬ ዘንድ ሁለት ባልዲ ሰፈፍ አመጣች፤ ከጠጁ ላይ ተገፎ ጧፍ የሚሠሩ ሰዎች የሚወስዱት ነው። አፍልታ በጆንያ ጨመቀችው። ሰሙ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ደግሞ የኑግ ዘይት ልትቀላቅልበት ወሰነች።

እዚህ ላይ ሰፈሩ ተንጫጫ። ሰው ለወጡ ያጣውን ዘይት ለመኪና ሆድ አሉ። እኔም ጮህኩባት። አሥራ ሰባት ዓመት ያበላችኝን ባበላት ምናችሁ ተነካ ብላ ዘጋችን።

ቅዳሜና እሑድ ከጅጋ እየመጣሁ ረዳኋት፤ ከሦስት ሳምንት ኩርፊያ በኋላ እምቢ ለማለት ወኔ አልነበረኝም። መጀመሪያ አጥባ ሦስት ቀን አደረቀቻት። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፋቅን። በበሩ ሥር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት እርጥበት እንዳይቀርበት፣ ከነዳጅ ታንከሩ አርቃ የወይራ ፍም በጣሳ አስቀምጣ ጭሱን በቀዳዳው አስገባችበት። ከዚያ ሰሙንና ዘይቱን በትንሽ ድስት አድርጋ የፈላ ውሃ ያለበት ትልቅ ድስት ውስጥ አስቀመጠችው፤ በቀጥታ እሳት ላይ ከተጣደ ይነድዳል። ሲቀልጥ እሷ በብሩሽ ትቀባለች፣ እኔ ባትሪ አበራለሁ። ባዶው ብረት ውስጥ ለማስገባት ከእንስሳት ሐኪሙ የከብት መርፌ ተውሳ ቀጭን ጎማ ገጠመችለትና ትኩሱን ሰም በውሃ መውረጃው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገፋችው። ግማሹ ተመልሶ አንገቴ ላይ ፈሰሰ። ልጮህ ስል ቀደም ብላ፣ ከእንግዲህ አንገትህም አይዝግም አለችኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ከልጅነታችን ወዲህ እንደዚያ አብረን የሠራነው ነገር አልነበረም።

ስሕተታችንን አሁን ልንገራችሁ። ንብ አናቢ ቀፎውን ንብ እንዲገባለት ሲያዘጋጅ በወይራ ያጥነዋል፤ ውስጡን ሰምና ሰፈፍ ይቀባዋል፤ ኑግ ሲያብብ አውጥቶ ይሰቅለዋል። እኛ የንብ አናቢ ልጆች ነን። ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት በወይራ አጥነን፣ ማሩ በደንብ ያልወጣለት ሰም አጠጥተን፣ ኑጉ ሜዳውን ቢጫ ባደረገበት ሰሞን ግቢ ውስጥ አቆምነው። ሁለታችንም አላስተዋልንም።

ያስተዋለው ዓይነ ስውሩ ጋሽ ሐብቴ ነው። ለምርመራው ሁለት ቀን ሲቀረው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ሞተሩን ማን ነው ያስነሣው ብሎ ጠየቀ። ሞተሩን ማንም አላስነሣም። ወጥተን ስናይ የንብ መንጋ በሾፌሩ በር ሥር ተንጠልጥሎ በውሃ መውረጃው ቀዳዳ አንድ በአንድ ይገባል።

ትዕዛዙ የነፍሳት መርጫ ይዞ መጣ። እልፍነሽ፣ አባቴ ሞተ እንጂ እኔ አልሞትኩም ብላ መለሰችው። ንግሥቲቱ ብረቱ ውስጥ ስለገባች በሁለት ቀን አባብሎ ማውጣት አይቻልም፤ የምርመራው ቀን ደግሞ የመጨረሻው ነው። ቀኑን እንዲያራዝሙልሽ እንለምናቸው አልኳት። አልለምንም አለች። ንቦቹሳ ስላት፣ ተሳፋሪዎች ናቸው ብላ ቁልፏን አነሣች።

ንብ በብርድ አይወጣምና ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ለምርመራ ብቻ የሚያስኬድ ወረቀት አውጥታ ነበር። እስከ ቡሬ ድረስ እግሬን ወንበሩ ላይ ሰቅዬ፣ መስኮቴን ዘግቼ ሄድኩ። እሷ የሷን ከፍታ ነበር የምትነዳው።

ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራችን ሊደርስ ሲል አራት ሰዓት ሆነ፤ ፀሐይዋ ብረቱን ስታሞቀው ንቦቹ መውጣት ጀመሩ። ከኋላችን የነበሩት ሾፌሮች መኪናቸውን ጥለው ሸሹ። አንዱ ኮፍያውን ጥሎ ሄደ። ቴዎፍሎስ ቢሮው ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ፤ በመስታወቱ አሻግሮ አየን፤ ከዚያ ትንሿን መስኮት በጥቂቱ ከፍቶ፣ እማማ አልፈዋል፣ ወረቀቱን ይውሰዱና በሰላም ይሂዱ አለ። ማኅተሙንም ሲመታ በዓይኔ አየሁ።

እኔ ሮጥኩ። ንቡን ረስቼ ነው የሮጥኩት። ወረቀቱን ተቀብዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን ብዬ፣ ልቤ በደስታ እየዘለለ ተመለስኩ። እልፍነሽ ሞተሩን አጥፍታ ወርዳ ቆማለች። ወረቀቱን ከእጄ ወሰደችና ወደ መስኮቱ ሄዳ መልሳ በቀዳዳው አስገባችለት።

«አምና ሳታይ ጣልካት። ዘንድሮ ሳታይ አታሳልፋትም» አለችው።

ልጁ ቀላ። ንቦቹን በእጁ አሳያት። እሷ ከወንበሯ ሥር ጣሳና ደረቅ ኩበት አወጣች። ለካ ከቤት ስትነሣ አስባበታለች። መኪናዋን ጉድጓዱ ላይ አቁማ ኩበቱን አቀጣጠለች፤ አባታችን ያደርግ እንደነበረው ጭሱን በቀዳዳው ዙሪያ እያዞረች ቀድማ ወረደች። ንቦቹ ሰከኑ። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አንሥታ ወደ ላይ ዘረጋችለት።

«ራስህን ሸፍንና ና ልጄ። እኔ አለሁ» አለችው።

ይወርዳል ብዬ አልጠበቅኩም። ወረደ። ጫማው የሚያብረቀርቀው ልጅ በእህቴ ነጠላ እስከ ዓይኑ ተጀቡኖ ከመኪናዋ ሥር ቆመ። እሷ ባትሪ ይዛ ታበራለታለች። በካቻቢቴው እጀታ ብረቱን ከፊት እስከ ኋላ አንኳኳው፤ የትም ቦታ አልላላም። ብየዳውን አይቶ ጠየቃት፤ የበሰበሰ ነበር፣ አምና ልክ ነበርክ አለችው። ሰሙን በጥፍሩ ፈቅፈቅ አድርጎ ከሥሩ ያለውን ብረት አየ፤ ጣቱንም አሸተተ። አንዴ ጆሮው ላይ ተነደፈ፤ አልጮኸም። ሰዓቴን ስመለከት ሃያ ደቂቃ አልፎ ነበር።

ወጥቶም በዝግታ ተናገረ። የጭስ ማውጫው ማሰሪያ ላልቷልና በደንብ ታስሮ ይቅረብ አለ።  በእጃችን የነበረውን ማለፊያ መልሰን ጉድለት ተቀበልን። ቀና ብዬ እልፍነሽን ሳያት ግን ፊቷ በርቷል፤ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም።

«የቱ ጋ ነው? አሳየኝ» አለችው።

አሳያት። የብሎን ቁልፏን አምጥታ ራሷ አጠበቀችው፤ ተመልሶ ወርዶ በእጁ ነቀነቀው። ከዚያ የመጀመሪያውን ወረቀት ቀድዶ ሌላ ጻፈ። ነጠላዋን አጣጥፎ በሁለት እጁ መለሰላት፤ ስለ ዕረፍት ምንም አላላትም።

ስንመለስ ወረቀቱ ጭኔ ላይ ነበር። ምን ብሎ ጻፈ አለችኝ፤ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው። አለፈች ይላል አልኳት። እሱን አውቃለሁ፣ ከሱ በላይ ያለውን አንብብልኝ አለች።

«ከሥር ታይታለች» ብዬ አነበብኩላት።

ማንኩሳ ስንደርስ ደግሜ እንዳነብላት አዘዘችኝ። ቤት ስንገባ ደግሞ ገና ከመኪናው ሳንወርድ፣ በረንዳው ላይ ለተቀመጠው ለጋሽ ሐብቴ እንዲሰማ ጮክ ብዬ ለሦስተኛ ጊዜ አነበብኩት።