አንድ ስንዝር ተኩል ሽቦ

አርዲስ ክቫሌ ዕድሜዋን የሙሽራ ቀሚስ ስትሰፋ ኖራ፣ በአርባ ዘጠኝ ዓመቷ ኮምፒውተር መስፋት ጀመረች። «መስፋት» የሚለው ቃል የራሷ ነው። አዲሱ ሥራዋ ምን እንደሆነ ለጠየቃት ሁሉ እንዲያ ብላ ትመልስ ነበር፤ ከእውነቱም ብዙ አልራቀችም።

ጊዜው ከትልልቆቹ የሚኒያፖሊስ ኩባንያዎች ተነጥለው የወጡ መሐንዲሶች፣ የዓለምን ፈጣን ማሽን እኛ እንሥራ እኛ እንሥራ እያሉ የሚሽቀዳደሙበት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር የሰባዎቹ አጋማሽ ነበር። እነዚህ ካቋቋሟቸው ኩባንያዎች አንዱ ቲምበር ሌክ በምትባል የዊስኮንሲን ከተማ ውስጥ የተዘጋ የጫማ ፋብሪካ ገዝቶ ሲገባ፣ መጀመሪያ የቀጠረው ጫማና ልብስ ሰፊ ሴቶችን ነው። ማሽኑ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ዐምድ ነበር። በዐምዱ ጀርባ ጥቃቅን ሹል ብረቶች እንደ ጃርት እሾህ ተደርድረዋል፤ እነሱን እርስ በርስ የሚያገናኙት ስድሳ ሺህ ሽቦዎች ናቸው። እያንዳንዱ ሽቦ በእጅ ይገጠማል። ያንን ሁሉ ሳይሰለች፣ ሳያዛባ የሚገጥም ጣት ደግሞ ከመርፌ ጋር የኖረ ጣት ነው።

የሚሠሩት ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው። ኢርማ ሹልትዝ፣ አርዲስ ራሷ ለምና ያስቀጠረቻት ጎረቤቷ፣ ከዝርዝሩ ላይ ታነባለች፦ ከዚህ ሹል ወደዚያ ሹል፣ ርዝመቱ ይህን ያህል። አርዲስ በልኩ ተቆርጦ ከተቀመጠው ሽቦ አንስታ ትገጥማለች። በመጨረሻ ሞካሪ መሣሪያ ይመጣና ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ መድረሱን ይጠይቃል። ከደረሰ ጢጥ ይላል። ስለ ርዝመቱ ግን አይጠይቅም፤ እሱን በዓይኑ የሚያየው የክፍሉ ኃላፊ ቨርል ነው።

በኅዳር ወር የአጋዘን አደን የሚፈቀድበት ሳምንት መጣ። በዚያ ሳምንት በከተማው ወንድ አይገኝም፤ ፀጉር አስተካካዩም፣ ቄሱም፣ ቨርልም ጫካ ናቸው። ማሽኑ ግን የሚጫንበት ቀን ደርሷል። አርዲስ የዐምዱን የመጨረሻ በር ልትዘጋ ብትገፋ አልዘጋ አለ። አንድ ሽቦ ተቆልምሞ ወጥቶ በሩን ይዞታል። ሁለቱ ሹሎች ቅርብ ለቅርብ ናቸው፤ ሽቦው ግን የትየለሌ ረዝሟል።

«ይሄን ሁሉ ምን ያደርግላቸዋል?» አለች።

«ለስፌት የተረፈ ይሆናላ» አለች ኢርማ፤ «ወንዶች የለኩት!»

አርዲስ ሳቀች። ልብስ በልክ ሲቀደድ ለስፌት ተብሎ ትርፍ ጨርቅ ይተዋል፤ ስፌቱ ሲያልቅ ትርፉ ይቆረጣል። ቆረጠችው። ጫፉን መልሳ ገጠመች፤ ሽቦው እንደ ክራር ጅማት ቀጥ አለ። ሞካሪው ጢጥ አለ። በሩም ተዘጋ።

ማሽኑ በምዕራብ ወደሚገኝ የአየር ጠባይ ተቋም ሄደ። ውሉ ቀላል ነበር፦ ሠላሳ ቀን ይሞከራል፤ ውጤት እያበላሸ ደጋግሞ ከቆመ ይመለሳል። ኩባንያው ያለው ገንዘብ ሁሉ እዚያ ዐምድ ውስጥ ገብቷል፤ ከተመለሰ ሰማንያ አራት ሠራተኛ ቤቱ ይገባል። ቨርል ጠዋት ጠዋት ማሽኑ ሳይቋረጥ የሠራበትን ሰዓት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። አርባ አንድ። አርባ አራት። ሠላሳ ስምንት። በየሁለት ቀኑ ገደማ አንድ ስህተት፤ ከዚያ ማሽኑ ይቆማል። ምክንያቱን የሚያውቅ የለም።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት፣ ኪት የሚባለው ወጣት መሐንዲስ ሴቶቹ ጠረጴዛ መጥቶ ተቀመጠ።

«አንተ ልጅ» አለችው ኢርማ ሳንድዊቿን እየገመጠች፣ «ሽቦ በነጻ ነው እንዴ የምታገኙት? አጠገብ ላጠገብ ላሉ ሹሎች ይሄን ሁሉ ገመድ!»

ኪት ፊቱ በራ። ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ የሚያውቁት መስሎት የነገራቸውም የለም። እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ይቺን አዩአት? ስንዝሬን? ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ በሰከንድ ቢሊዮንኛ የሚሄደው ይቺን ታህል ብቻ ነው። ለእኛ ማሽን ይሄ ዘገምተኛ ነው። ከሩቅና ከቅርብ የተላኩ ቁጥሮች ደግሞ እኩል መድረስ አለባቸው። ስለዚህ ቅርብ ያለውን መንገድ እናረዝምበታለን፤ ዞሮ እንዲመጣ።»

«ቀድሞ ቢደርስስ?» አለች አርዲስ።

«ካለፈው ሥራ ጋር ይደባለቃላ፣ ወይዘሮ ክቫሌ። ሁልጊዜም አይደለም እኮ፤ ሙቀቱ ትንሽ ፈቀቅ ሲል ብቻ። ምናልባት በሁለት ቀን አንዴ።»

ይህን ሲል ራሱም ወደ ሰሌዳው አላየም። አርዲስ ግን አየች።

የጎረሰችውን ሳትውጥ ተነሥታ ቨርል ጋ ሄደች፤ ሁሉንም ነገረችው። ቨርል መነጽሩን አወለቀ።

«የትኛው ሽቦ?»

«ታች፣ በስተግራ። በሩ አጠገብ።»

«አርዲስ፣ ታች በስተግራ ያሉት አራት ሺህ ናቸው።»

«ባየው አውቀዋለሁ። ላኩኝ።»

ቨርል ማሽኑ ወዳለበት ስልክ ደወለ፤ አጠገቡ ቆማ ሰማች። እዚያ ያሉት ሰዎች ምላሽ አጭር ነበር። በሩን ለመክፈት ማሽኑን ማጥፋት ያስፈልጋል፤ አጥፍቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ፈልጎ መልሶ ማስነሣት ሁለት ቀን ይፈጃል። ውሉ ሁለት ቀን መቆምን አይፈቅድም። አንዲት ልብስ ሰፊ አንድ ሽቦ ስለጠረጠረች ደግሞ ማንም ያንን አይደፍርም። ስህተቱ ከሽቦ ይሁን ከሌላ ነገር በምን ይታወቃል?

«እሺ እኔ ምን ላድርግ?» አለች።

«ጠረጴዛሽ ላይ ተመለሺ» አላት፤ ክፋት አልነበረበትም። «እኔም አደን ባልሄድ ኖሮ አየው ነበር።»

ተመለሰች። ለሁለተኛው ማሽን ሽቦ ትገጥም ጀመር፤ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ እየለካች። ማታ ማታ ባሏ ሲያናግራት አትሰማም። ዓርብ ሁሉም እንደ ልማዱ የተጠበሰ ዓሣ ሊበላ ሲወጣ ቤቷ ቀረች። ኢርማ መጥታ በሩን ደበደበች።

«ውጪ እንጂ አንቺ! ስድሳ ሺህ ሽቦ ነው፣ ኃጢአቱን ሁሉ ብቻሽን ልትወስጂ ነው?»

«እኔ ነኝ ያስቀጠርኩሽ።»

«ለስፌት የተረፈ ነው ያለሽስ ማን ነው?»

አርዲስ አልወጣችም። ኢርማም ዓሣ ሳትበላ ወደ ቤቷ ሄደች።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ማሽኑ ሦስት ጊዜ ቆመ። ቨርል ሰሌዳው ላይ ምንም አልጻፈም።

ዐምዱ የተመለሰው በሚያዝያ፣ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሁሉ ጭቃ በሆነበት ሰሞን ነው። ኩባንያው ተዘግቷል። ሹሎቹ ላይ ለተቀባው ወርቅ ሲሉ ማሽኑን የሚገነጥሉት ሰዎች ሐሙስ ይመጣሉ ተባለ። ረቡዕ ጠዋት አርዲስ ወደ ባዶው አዳራሽ ገባች። ኪት የቀሩ ወረቀቶች እየሰበሰበ ነበር፤ የዐምዱን በር ከፈተላት።

ተንበረከከች። ጣቷ ከዓይኗ ቀደመ። በዚያ ሁሉ ልቅ ሽቦ መሐል አንድ የተወጠረ አለ።

ኪት ዝርዝሩን ገለጠ፤ ለካ። «አንድ ስንዝር ተኩል ያጥራል» አለ።

«ይሄ ነው ያበላሸው?»

እንደ ጥሩ መሐንዲስ እውነቱን ነገራት። «ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል፤ መንገዱ ላይ ለአንድ ስንዝር የሚሆን ትርፍ ጊዜ ትተን ነበር፣ ከዚያ ያለፈው ግማሽ ስንዝር ማሽኑን ለማሳሳት ይበቃ ይሆን አይበቃ አላውቅም። ለማወቅ ማብራት አለብን።»

«አብራዋ!»

«ኃይሉን ሰኞ ቆርጠውታል፣ ወይዘሮ ክቫሌ።»

አርዲስ ተነሥታ ወደ ሽቦዎቹ መደርደሪያ ሄደች። ቁጥሩን አይታ ልኩን አወጣች፤ ተመልሳ ተንበረከከች፤ አጭሩን ነቅላ ረጅሙን ገጠመች። ሽቦው ተቆልምሞ ወጣ። በመዳፏ ወደ ውስጥ አስገባችው፣ እንደገና ወጣ። በሩን ገፋችው።

አልዘጋ አለ።