እንግዳ ማሞቂያዋ

በቴሌቪዥን ጣቢያው ውስጥ እሷን በስሟ የሚጠራት የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ከዘበኛው እስከ ሥራ አስኪያጁ፣ «ማሞቂያ» ይላታል። ስሙ የወጣላት ከሥራዋ ነው። የሐሙስ ምሽቱ ቃለ መጠይቅ አንድ ሳምንት የዓለም ፖለቲካ፣ አንድ ሳምንት ጦርነትና እርቅ፣ ሌላ ሳምንት ሥዕልና ሙዚቃ የሚነሣበት ሲሆን የሚተላለፈው በቀጥታ ነው። ትልቅ ሰው የተባለ ሁሉ ደግሞ የካሜራው መብራት ሲበራበት ምላሱ ይተሳሰራል። ስለዚህ እንግዳው ስቱዲዮ ከመግባቱ በፊት እሷ ጋ ይቀመጣል። ሻይ ትቀዳለታለች፣ የኮቱን ኮሌታ ታስተካክልለታለች፣ ሁለት ሦስት ነገር ጣል ታደርግበታለች፤ ከዚያ ማን ያቆመዋል! ድንጋይ ታናግራለች ይሏታል፤ አላጋነኑም።

ይህችው ድንጋይ አናጋሪ ታዲያ ከገዛ እህቷ ጋር አትነጋገርም። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች አይደል የሚባለው? አባታቸው የሞተ ጊዜ እናታቸው ከማን ጋር ትኑር በሚል ተጣሉ። ታላቂቱ እኔ ጋ አለች፣ ማሞቂያ እኔ ጋ አለች፣ እናትየዋ ደግሞ ማንም ጋ አልሄድም፣ ቤቴ ምን ሆነ ብላ ባለችበት ቀረች። ሁለቱም እናቴን ያሳመፀችብኝ እሷ ናት አሉ። በዚያ ላይ ታላቂቱ አንድ የማይባል ነገር ተናገረች፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ተመልሶ አይዋጥም። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ የታላቂቱ፣ እሁድ የታናሺቱ ሆኖ እናታቸውን በተራ ይጠይቃሉ። ቅዳሜ የተሰቀለው መጋረጃ እሁድ ወርዶ እንደ አዲስ ይሰቀላል። ማሞቂያ የተናገረችው እሷ ስለሆነች እሷ ትደውል ትላለች። ታላቂቱም ታናሽ ይደውል እንጂ ትላለች አሉ። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ማሞቂያ እህቷ በጣም ትናፍቃታለች፤ ስልኳ በጮኸ ቁጥር እሷ ናት ብላ ታያለች፤ ይህን ግን ለማንም ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ሥራዋስ? ሥራዋ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ከልክ በላይ ጥሩ መሆኑ ነው። እንግዳው እሷ ጋ ሲሞቅ ይፈላል፣ ሲፈላ ይገነፍላል፣ ስቱዲዮ ሲደርስ ድስቱ ባዶ ነው። ባለፈው ሐሙስ አንድ ጡረታ የወጡ አምባሳደር፣ በአንድ የመሪዎች ግብዣ ላይ ተሳስተው የሌላ አገር ፕሬዚዳንት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሾርባቸውን እንዴት እንደጨረሱባቸው አጫወቷት፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አቅራቢው በቀጥታ ስርጭት ያንኑ ሲጠይቃቸው ግን «ቅድም ለልጅቷ እንደነገርኳት ነው» ብለው ዝም አሉ። የቷ ልጅ? ምን ነገሯት? ተመልካቹ ምን ይወቅ! አቅራቢው የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶት ስለ አየር ፀባይ ጠየቃቸው። ከዚያ በፊትም አንዲት ዘፋኝ አዲሱን ዘፈኗን በማሞቂያ ክፍል ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ተጫውታው፣ ስቱዲዮ ገብታ ቅድም ስለዘፈንኩት ዛሬ ይለፈኝ ብላለች።

በዚህ ሐሙስ ግን ቀልድ የለም። ሁለት ጎረቤት አገሮች ድንበር ላይ ጦር ለመማዘዝ ተፋጠዋል፤ የዓለም ዜና ሌላ ወሬ የለውም። ከሃያ ዓመት በፊት እነዚሁኑ አገሮች ያስታረቁት ሽማግሌ ደግሞ በዚችው ከተማ ይኖራሉ። እርቁ እንዴት እንደወረደ አንድም ቀን ተናግረው አያውቁም። ሁለቱ መሪዎች በሕይወት እስካሉ ላልናገር ቃል ገብቻለሁ ሲሉ ኖረዋል፤ ዝም አይነቅዝም ብለው። ሁለተኛው መሪ ባለፈው ወር ሞቱ። ማሞቂያ ደወለች፣ ደጋገመች፣ ቤታቸው ድረስ ሄደች፤ በመጨረሻ እሺ አሉ። ጣቢያው በአንድ እግሩ ቆመ። የፅዳት ሠራተኞቹ ሳይቀሩ የስቱዲዮውን ወለል ሁለቴ ወለወሉት።

ጥፍሩን የሚበላው ዋና አዘጋጅ ኮሪደር ላይ ያዛት።

«ስሚኝ፤ ሰውዬው ሃያ ዓመት የያዙትን ነገር አንቺ ክፍል ውስጥ እንዳይጥሉት። አትጠይቂያቸው። ሊነግሩሽ ሲሉም አታስነግሪያቸው። ዛሬ ያ ‹ቅድም ለልጅቷ› የሚባል ነገር በአየር ላይ ከተሰማ፣ ከነገ ጀምሮ ስልክ ማዞሪያ ላይ ነሽ።»

ታዲያ ብቻቸውን ልተዋቸው ብትለው፣ ብቻቸውንም እንዳትተያቸው አላት። እውነቱን ነው፤ ብቻውን የተተወ እንግዳ ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል። አንድ ገጣሚ እዚያው ክፍል ሲጠብቅ ሐሳቡን ቀይሮ በጓሮ በር ወጥቶ ሄዷል። እንግዲህ ሴትዮዋ ሰው አጠገብ ተቀምጣ ሰው እንዳይናገር ልታደርግ ነው፤ ዓሣን አትዋኝ እንደማለት።

ሽማግሌው ከሰዓታቸው ቀድመው መጡ። ሽማግሌ መቼ አርፍዶ ያውቃል? ግራጫ ሱፍ ለብሰዋል፣ ጫማቸው ተወልውሎ ያበራል፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ክፍሏ ጠባብ ናት። መስታወቱን ከከበቡት አምፖሎች ግማሾቹ ተቃጥለዋል፣ ሶፋው በአንድ በኩል ረግቧል፣ ግድግዳው ላይ ድምፁ የተዘጋ ቴሌቪዥን የተሰለፉ ታንኮች ያሳያል። ሽማግሌው ታንኮቹን አይተው በረጅሙ ተነፈሱና በእርቁ ቀን ጠዋት ሁለቱ መሪዎች እንዴት እንዳደሩ መናገር ጀመሩ።

የማሞቂያ ጆሮ ቆመ። ዓለም የሚጠብቀው ወሬ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው! ከዚያ ስልክ ማዞሪያው ትዝ አላትና ሻይ ላምጣልዎት ወይ ብላ አቋረጠቻቸው። ሻዩ ከፊታቸው ተቀምጦ ይጨሳል። ትንሽ ቆይተው እንደገና ሊቀጥሉ ሲሉ ጫማዎት እንዴት ያምራል አለች። ሦስተኛ ሲሞክሩ ራሷ ወሬ ጀመረች፤ ሌላ መላ ከየት ይምጣ? ስለሚያፈሰው ጣሪያዋ አወራች፣ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ስለረገጣት ሰውዬ አወራች፣ ባሏ ኳስ ሲያይ ዳኛውን እንዴት እንደሚሳደብ ከነምልክቱ አሳየች። ትንፋሽ ስትወስድ ሽማግሌው ይገቡብኛል ብላ ትንፋሽም አልወሰደች።

ሽማግሌው ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያዳምጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሟት፣ ሰሟት፣ ወሬዋ ሲያልቅባት እህት ወንድም እንዳላት ጠየቋት።

በቃ። እንዴት እንደጀመረች እሷም አታውቅም። አባቷን፣ እናቷን፣ ቅዳሜና እሁዱን፣ መጋረጃውን፣ ያን የማይባለውን ነገር፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። ሌላውን ስታስለፈልፍ የኖረች ሴት ራሷ ሞቀች፣ ፈላች፣ ገነፈለች።

«ማን ቀድሞ ይደውል ነው እንግዲህ ነገሩ?» አሉ ሽማግሌው።

«አዎ ጋሼ። ትናፍቀኛለች፤ ግን እሷ ትጀምር።»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አገላብጠው ሲያዩ የድምፅ ባለሙያው መጥቶ ማይክሮፎኑን ኮታቸው ላይ ሰካና ይዟቸው ሄደ። ማሞቂያ ዓይኗን ጠራርጋ ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ሮጠች። ቢያንስ አንዲት ቃል አላስወጣኋቸውም ብላ ደስ ብሏታል።

ደስታው አልቆየም። ጸጉሩ በነፋስ የማይነቃነቀው አቅራቢ አንድ ጠየቀ፣ ሽማግሌው «አዎ» አሉ። ሁለት ጠየቀ፣ «አይደለም» አሉ። ጊዜው እንዴት ነበር አለ፣ «ክረምት ነበር» አሉ። ዋና አዘጋጁ ዞሮ ማሞቂያን አያት፤ ነገሩሽ አይደል፣ ጨረስሻቸው አይደል የሚል አስተያየት ነበር። እሷ በምልክት ማለችለት። ሰውየው ሲጨነቅ ጥፍሩን ጨርሶ ወደ ጣቱ ሄደ።

አቅራቢው በመጨረሻ ጥያቄ የተጻፈባቸውን ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ጣላቸውና ያን ያህል የተጣሉ ሁለት ሰዎች እንዴት አንድ ክፍል ሊገቡ ቻሉ አለ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቅድም እዚያ ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ…»

ዋና አዘጋጁ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። ማሞቂያ ከግድግዳው ጋር ተጣበቀች። አለቀልኝ፣ አለች በሆዷ፤ ሥራዬም ሄደ፣ ጉዴም በአገር ፊት ሊወራ ነው።

«አንዲት ልጅ ስታጫውተኝ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ያለችኝ የእሷ ነው፣ አልናገረውም። እኔ ዛሬ የመጣሁት ስለ ትዕግሥት ምናምን አሳምሬ አውርቼ ልሄድ ነበር። እሷን ከሰማሁ በኋላ ግን እውነቱን ልናገር አልኩ። ያ እርቅ የወረደው በውሸት ነው። የዋሸሁትም እኔ ነኝ።»

መቆጣጠሪያው ክፍል ውስጥ የማስታወቂያው ሰዓት ደርሶ የቴክኒክ ሠራተኛው እጁን ወደ ቁልፉ ሲሰድ ዋና አዘጋጁ እጁን ለቀም አደረገው። ዛሬ ማስታወቂያ የለም አለ፣ ሳሙናውም ባንኩም ይጠብቅ። ጣቢያው ከተከፈተ ጀምሮ ማስታወቂያ የተዘለለው ያን ቀን ነው።

ሽማግሌው ተረኩት። ሁለቱ መሪዎች በአንድ ሆቴል ሁለት ጫፍ ላይ ከነአጃቢዎቻቸው ተዘግተው ከርመዋል። አንደኛው እሱ ይጀምር ይላል፣ ሌላው እሱ ይጀምር ይላል። ድንበር ላይ ደግሞ በየቀኑ ልጆች ይሞታሉ። ሽማግሌው ሲመላለሱ ጉልበታቸው አለቀ፣ ከዚያ ትዕግሥታቸው አለቀ። አንድ ጠዋት ወደ አንደኛው ገቡና እሱ ሊያይዎት ፈልጎ ጠየቀኝ አሉ። ከዚያ ወጥተው፣ ኮሪደሩን አቋርጠው፣ ሌላውንም እሱ ሊያይዎት ፈልጎ ጠየቀኝ አሉ። ሁለቱም ሌላው እንደተሸነፈለት ሰው ደረታቸውን ነፍተው ወጡ፣ መሐል ላይ ተገናኙ። አንደኛው ቀድመህ ስለጠየቅህ አመሰግናለሁ አለ። ሌላው ግራ ገብቶት፣ የለም፣ እኔ ነኝ የማመሰግነው፣ ቀድመህ የጠየቅኸውማ አንተ ነህ አለ።

«ያኔ ገባቸው» አሉ ሽማግሌው። «ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ልቤ ሊወጣ ደረሰ። ግን አንዳቸውም አላጋለጡኝም። ተያዩና ገቡ። ለካ ሁለቱም ሰበብ ነበር የሚጠብቁት።»

ቀይዋ መብራት ስትጠፋ ክፍሉ በአንዴ ጮኸ። ስልኮች ሁሉ ይንጫጫሉ፤ የውጭ ጣቢያዎች ቅጂውን እየለመኑ ነው፤ አቅራቢው ከስቱዲዮ እየሮጠ ወጥቶ ሽማግሌውን አቅፎ አልለቅም አለ፤ ጸጉሩም ለመጀመሪያ ጊዜ ተበታተነ። ዋና አዘጋጁ ማሞቂያ ፊት ቆመና ምን ብለሽ ነው ያናገርሻቸው አላት። እኔ አላናገርኳቸውም፣ እሳቸው ናቸው ያናገሩኝ አለችው። አልገባውም፤ ቢሆንም የሚቀጥለውን ሐሙስ እንግዳ እንድትጠራለት ነግሯት እየዘለለ ሄደ። ይስቃሉ፣ ይጨበጨባል፣ ማሞቂያም አብራ ታጨበጭባለች።

በዚህ መሐል ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናት። ፕሮግራሙ ባለቀ ቁጥር እየደወለች የእንግዳውን ክራባት ማማት ልማዷ ነው። ማሞቂያ ጩኸቱን ሸሽታ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። እናቷ የዛሬውን ክራባት አላነሣችም።

«እህትሽ ደውላልኝ ነበር» አለች። «ላናግራት እፈልጋለሁ፣ ንገሪልኝ ብላኛለች።»

ከኋላዋ የፕሮግራሙ መዝጊያ ሙዚቃ ገና ይሰማል።

«መቼ ደወለች እማዬ?»

«አሁን ነዋ። በማስታወቂያው ሰዓት።»

«ዛሬ ማስታወቂያ አልነበረም እኮ።»

እናቷ ሶፋዋ ላይ ስትቁነጠነጥ ሶፋው ሲንቋቋ ይሰማል። ቀጥላ፣ በልጅነታቸው መድኃኒት ልታስውጣቸው ስትል ታወጣው በነበረው ድምፅ ትደውያለሽ ወይስ አትደውዪም አለችና መልስ ሳትጠብቅ ዘጋችው።

ማሞቂያ ግድግዳውን ተደገፈች። ውሸት መሆኑን ታውቃለች። እህቷም ዛሬ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ቴሌቪዥኑ ፊት እንደነበረች ታውቃለች። እናቷ ይህን ጊዜ ወደ እህቷ ደውላ ምን እያለች እንደሆነም ታውቃለች። ለስንትና ስንት ባለሥልጣን፣ ለስንትና ስንት ኩሩ ደራሲ የደወለችበት ጣቷ የእህቷን ቁጥር ነካ። መጀመሪያ መስመሩ ተይዟል አላት። ቆይታ ደገመችው። አንዴ እንኳ በቅጡ ሳይጠራ ተነሣ።

የእህቷ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ አሁንም ደረጃ እንደወጣ ሰው ነው የምትተነፍሰው።

«እማዬ እህትሽ ደወለችልኝ አለችኝ፤ ደውለሽ ነበር?» አለች እህቷ።

ማሞቂያ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው።

«አዎ እታለም» አለች። «ደውዬ ነበር።»

«እኔም» አለች እህቷ። «እኔም ደውዬ ነበር።»