አርሚልኝ ብዬ የሰጠኋት ስልክ

ጠዋት የግቢያችን ካፌ ስገባ ወንዶቹ አንዋርን ከበው «አንቺ! ነይ ቁጭ በይ እንጂ!» እያሉ ይንከተከታሉ። አንዋር አየኝና ትሪውን እዚያው ጥሎ ወጣ። ያኔ ነው ጉዴ የገባኝ...

ሮቤ ላይ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበርን፤ ሁሉም ሰው ፌስቡክ የከፈተበት ሰሞን። አንዋር የደሴ ልጅ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ በልቤ ይዤው የዞርኩት። እኔ ደግሞ የደሎ መና ልጅ ነኝ። በኦሮምኛ ለወንድም ለሴትም «አቲ» ነው፤ አማርኛ ላይ አንተና አንቺ ይምታታብኛል። ስለዚህ የጻፍኩለትን መልእክት ከመላኬ በፊት «እስቲ አርሚልኝ» ብዬ ስልኬን ለዶርም ጓደኛዬ ለቤቲ ሰጠኋት።

«ካላየሁሽ ቀኑ አይመሽልኝም» ይላል።

ልታርምልኝ? ፎቶ አንስታ ፌስቡክ ላይ ለጠፈችው! ከነስሙ!

እያለቀስኩ «አጥፊው» ስላት...

«ኤጭ፣ ምን አለበት? ጓደኞቼ ብቻ ናቸው የሚያዩት።»

ጓደኞቿ ማለት ግቢው በሙሉ ነው። አንዋር ከዚያ ወዲያ ሰላምታም ነሳኝ። ወላሂ፣ ይቅር አላልኳትም። ዝም ብዬ ቀኔን ጠበቅኩ።

ወር ሳይሞላ ሰነቴ ተራራ ላይ ለሽርሽር ወጣን። ቤቲ ጭጋግ ውስጥ ቆማ ፎቶ ተነሳችና «"ተፈጥሮን ማድነቅ ሥራዬ ነው" በኦሮምኛ ምን ይባላል? ያገሩ ሰው ላይክ ያድርገኝ» አለችኝ።

«ጻፊ» አልኳት። «ኢጪቲ ነማ ባሱን ሆጂ ኮቲ።»

የሰው ሚስጥር ማውጣት ሥራዬ ነው፣ ማለት ነው። አንድ ፊደል እንዳትስት ቆሜ አስጻፍኳት።

ሮቤም ጎባም አልቀረ፣ ኮሜንቱ «ዱጋ!» «ዱጋ!» ብቻ ሆነ። እውነት ነው ማለታቸው ነው።

«ዱጋ ምንድነው?» ስትለኝ «ቆንጆ» አልኳት። ሁሉንም ላይክ አደረገች፤ «አመሰግናለሁ የኔ ማሮች» እያለች። እኔ ብርድ ልብስ ነክሼ ሳቅኩ።

በሦስተኛው ቀን የሻይ ቤቷ ሴትዮ ተረጎመችላት። እየጮኸች ዶርም ገባች። «ሕዝብ ሁሉ ሳቀብኝ! ሰው በጓደኛው ላይ እንዲህ ያደርጋል?»

«አንቺ!» አልኳት። «ምን አለበት? ጓደኞችሽ ብቻ ናቸው ያዩት።»

አንዋር እስከ ምርቃታችን አላናገረኝም... እኔ ግን «አንቺ» ለማን እንደሚባል የዛን ቀን ለየሁ።