«እዚህ ጋ ነው?»

ጋሼ፣ አጎቴ፣ መርካቶ በርበሬ በረንዳ ባለው ሱቅዎ በር ላይ ጆንያ ያወረደ ኩሊ ሁሉ ሕመሙን ሳያዩለት አይሄድም ነበር። ትከሻውን በአውራ ጣትዎ ጫን እያደረጉ «እዚህ ጋ ነው?» ይሉታል። ሐኪም ሆኜ የስፔሻሊቲ ትምህርት ስመርጥ አኔስቴዥያ፣ ማደንዘዣ ሕክምና፣ የገባሁት በዚያች ጥያቄ የተነሳ ነው፤ ኋላ የሕመም ማስታገሻ ሐኪም ልሆን ብዬ። እርስዎ ግን ለጎረቤት የሚያወሩት ስለ ቀዶ ሐኪሙ ወንድሜ ነበር። «እሱ ያድናል፣ አንቺ ታስተኛለሽ» ሲሉኝም ቻልኩት።

ካንሰር ይዞዎት አጥንትዎ ውስጥ ሲገባ እኔን «ደህና ነኝ፣ ልጄ» ብለው ሸኙኝ። የወንድሜን እጅ ግን ይዘው ጀርባዎ ላይ አሳረፉና «እዚህ ጋ ነው» አሉት።

ዛሬ አርባዎ ነው። ሱቅዎ በር ላይ አንድ ኩሊ ትከሻውን ራሱ ያሻል። ወንድሜ ሊያቅፈኝ ሲመጣ ሸሸሁት፤ ያመመዎትን ቦታ የሚያውቀው የእሱ እጅ ነው።