ለተረት የተለቀመ የሣር ዘር

ልጅ ሳለሁ ተረት በነጻ አይነገረንም ነበር። አያቴ ማታ እሳት ዳር ሲቀመጡ መጀመሪያ የሚያዩት እጃችንን ነው። እኔና ታናናሾቼ ከየመንገዱ ዳር የለቀምነውን የሣር ዘር እፍኝ እፍኝ ካላቀበልናቸው፣ ትናንት በተረታቸው ዛፍ ላይ ትተዋት ያደሩት ጦጣ ዛሬም አትወርድም። ዘሩን ተቀብለው ከምድጃው በላይ በተሰቀለው ቅል ውስጥ ይጨምሩና ፍሙን ቆስቆስ አድርገው ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ነገሩን ያመጣው መንገዱ ነው። ያኔ ወደ አንጋጫ የሚወስደው መንገድ ሲሠራ፣ ግሬደሩ ከቤታችን ፊት ያለውን መስክ ገፎ አፈሩን ወሰደው። በእኛ አገር እንሰቱ ከቤት ጀርባ ነው፤ ከፊት ያለው ሣር ደግሞ የሠርግና የለቅሶ ቦታ ነው። አያቴ ልጆቻቸውን የዳሩትም፣ ሚስታቸውን ያለቀሱትም እዚያ ነበር። አሁን የቀረው ዝናብ ሲነካው የሚያዳልጥ ቀይ አፈር ብቻ ነው። አንድ ቀን አባቴን ጠርተው፣

«እኔን ጭቃ ላይ ቆማችሁ እንዳታለቅሱልኝ» አሉት።

አባቴ ገና ብዙ ይኖራሉ ብሎ ሊያስቃቸው ሞከረ። አልሳቁም።

በልግ ሲገባ ቅሉ ውስጥ የተጠራቀመውን ዘር ልንዘራ ተነሣን። አክስቶቼ ግን የአባታቸው መስክ እንደተዝረከረከ ሊዘራ አይገባም ብለው፣ ትልቅ እንግዳ እንደሚመጣ ሁሉ ጓሉን ከስክሰው፣ ጠጠሩን ለቅመው፣ ልሙጥ አድርገው ጠረጉት። ዘሩን በተንን። የመጀመሪያው ዝናብ ጠራርጎ ጎረቤት ቦይ ውስጥ ከተተው። አክስቶቼ አያቴን ቀና ብለው ማየት አፈሩ። እሳቸው ግን ዘሩ የሚይዘው ነገር ቢያጣ ምን ያድርግ ብለው ቀለዱባቸውና፣ ከአልጋቸው ሥር ሌላ ቅል አወጡ። ለካ ግማሹን ደብቀው ኖሯል።

በሁለተኛው ጊዜ በሬዎች አስነድተው እርጥቡን መሬት አስረገጡት፤ ዘሩ የኮቴው ጎድጓዳ ውስጥ ተኛ። አባቴ ያን ሰሞን የቤቱን ጣራ ወደ ቆርቆሮ ይለውጥ ስለነበር፣ ጥቀርሻ የጠጣውን አሮጌ የክዳን ሣር ከላይ አለበስነው። ዝናብ ሲመታው ደጃችን የምድጃችንን ጭስ ጭስ ይሸት ነበር። ያኔ ከዚያ ክዳን ሥር የሰማነው ተረት ሁሉ አብሮ የሚበቅል ይመስለኝ ነበር።

በቀለ። እንደ ድሮው አልነበረም፤ እኛ ልጆች ስንለቅም መች መርጠን፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ ለመስቀል ደግሞ መሐሉ ላይ አደይ አበባ ቦግ አለ። አክስቶቼ ሊነቅሉት ሲሉ አያቴ፣

«ተዉት፣ የልጆቹ እጅ ነው» አሉ።

ተረቱም ክፍያውም አልቀረም፤ ሁልጊዜ የሚሞላ ራሰ በራ ቦታ አያጡም ነበርና።

ያረፉት በኅዳር ነው፣ ሣሩ ዘር ባፈራበት ወቅት። ከአንጋጫም ከሆመቾም ሰው መጣ፤ መስኩ ሞላ፤ ጭቃ ላይ የቆመ አንድም አልነበረም። ማታ እሳቱ ዳር ስቀመጥ እጄን ገልጬ አየሁት። ለቀስተኛው መሐል ሆኜ ሳላውቀው የሣር ዘር ለቅሜ ኖሯል። የሚቀበለኝ ሰው ቦታው ላይ የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት ያኔ ነው።

የዚያ ሰሞን ተረታቸው ጦጣዋን ዛፍ ላይ፣ የሚጠብቃትን ነብር ከሥር ትቶ ነው የቆመው። መጨረሻውን የሚያውቅ ሽማግሌ አይጠፋም ነበር፤ ግን ማንንም አልጠየቅሁም። ዛሬም ኅዳር ሲገባ እጄ ሳላዘው ወደ ሣሩ ይሄዳል። ጦጣዋ እስካሁን አልወረደችም።