ዳገቱን የሚፈራው ሾፌር

የሆስፒታሉን የበሽተኛ ማመላለሻ የኤሌክትሪክ ጋሪ የሚነዳው ሽበታም ሰው ማለዳ ማለዳ፣ አለቃው ሳያይ፣ ባትሪዎቹ ጫፍ ላይ የሚያብበውን፣ እርጅናቸውን የሚያሳብቀውን ነጭ ዱቄት በሻርፑ ይጠርጋል። ጋሪው ከተጣለ እሱንም እንደሚጥሉት ያምናል። ቻርጅ ላይ ያደሩት ባትሪዎች ሜዳውን ይጋልቡና ዳገቱ ላይ ነፍሳቸው ትወጣለች። ያኔ ወርዶ፣ መሪውን እንደያዘ፣ በትከሻው ይገፋል። የሰው ነፍስ ጭኖ ቁማር!

“ልጄ፣ የተሸከመኝ ጋሪው ነው ወይስ አንተ?” አሉ ዛሬ የጫናቸው፣ እግራቸው የተሰበረ አሮጊት።

“ስፖርት ነው፣ እማማ።”

ሳይጨርስ ጋሪው ወደ ኋላ ተንሸራተተ። አሮጊቷ ጮኹ። በደረቱ ደግፎ፣ በእግሩ ድንጋይ ስቦ ጎማው ስር ሸጎጠ። ስልኩን አወጣ።

“አለቃ፣ ቃሬዛ ላክልኝ። ባትሪው ሞቷል።”

“አሁን?”

“ኧረ ከሞተ ከርሟል፤ የደበቅኩት እኔ ነኝ።”