አሚን ያልኩበት ፓምፕ

ትናንት ቢሮ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ፣ አዲሷ ባልደረባዬ የምትሞክረው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ዝም አለባት። «ቅድም እኮ ይሠራ ነበር» አለችኝ። የኔም ቦርድ አንድ ጊዜ እንዲሁ ዝም ብላለች፤ ከሚሴ ቤተሰቦቼ ጋ ሆኜ፣ ዩኒቨርሲቲ ልጨርስ ስል።

የመመረቂያ ሥራዬ የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ነበር። ፓምፑ የቦርከናን ወንዝ ውሃ ወደ ጨፋ ማሳዎች ይገፋል። አጎቴ ሙሄና ጎረቤቶቻቸው በተራ ይጠቀሙበታል፤ ተራው በስምንት ቀን አንዴ ይደርሳል። የኔ ቦርድ መሬቱ ሲደርቅ ፓምፑን ታስነሳለች፣ ሲርስ ታጠፋለች። ቦርዷ ላይ ቀድሞ የተጫነ፣ ሞኒተር የሚሉት ትንሽ ፕሮግራም አለ። ሜሞሪውን ያሰናዳል፣ የኔን ፕሮግራም ከላፕቶፕ ይቀበላል፣ «ሂድ» ብዬ ስጽፍለት ያስነሳዋል። እሱ ስለተመቸኝ፣ ፕሮግራሜ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርገውን የማስነሻ ኮድ ሳልጽፍ ቆየሁ። መብራት ከሄደ ፕሮግራሜ ይጠፋል፤ ሲመለስ ሞኒተሩ ብቻ ነቅቶ ትእዛዝ ይጠብቃል። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የካቲት ላይ፣ አጎቴ የሽንኩርት ችግኛቸውን ባዛወሩ ሰሞን፣ ቦርዷን ገጠምኳት። ሽማግሌዎች ዱዓ ሊያደርጉላት ፓምፑ አጠገብ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። የጫት ቅጠልና የእርጥብ ጭቃ ሽታ ትዝ ይለኛል።

«መብራት ሄዶ ቢመጣስ?» አሉ ተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት።

«ራሷ ትነሳለች» አሉ አጎቴ ደረታቸውን ነፍተው። «ማንም እንዳይነካካት። ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ነግራኛለች።»

እውነት ነው፤ ሥራው ሲያልቅ እንደዚያ ይሆናል ብያቸው ነበር። አላለቀም ልል አፌን ስከፍት እጆች ለዱዓ ተዘረጉ። እኔም እጄን ዘርግቼ አሚን አልኩ፤ ላፕቶፔን ይዤም ወደ ከሚሴ ተመለስኩ።

በማግስቱ የአጎቴ ተራ ነበር። ረፋድ ላይ ከሚሴ መብራት ጠፋ፤ ቀትር ሳይሆን ተመለሰ። ስልኬን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። እዚያ አልጠፋ ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልኩ።

በሦስተኛው ቀን ስሄድ ችግኙ መሬት ላይ ተኝቷል። እዚያም መብራቱ ሄዶ ተመልሶ ነበር፤ አጎቴ ቀኑን ሙሉ ፓምፑ ሥር ተቀምጠው ጠብቀዋል፤ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲሆን ተራው ለሌላ ሰው አለፈ።

«ፓምፑ ላይ ያለውን አረንጓዴ ቁልፍ ቢጫኑት እኮ ያለ ቦርዷም ይነሳ ነበር» አልኳቸው።

«ራሷ ትነሳለች ብለሽኝ የለ? እንዳላበላሽብሽ ፈራሁ።» አንዱን ችግኝ በጣታቸው አቀኑት፤ ተመልሶ ወደቀ። «አይዞሽ ልጄ። ዱዓችን አንሶ ይሆናል።»

አንገቴን ደፋሁ። ቦርዷንም ከፓምፑ ፈትቼ ይዣት ሄድኩ።

የማስነሻውን ኮድ በዚያው ሳምንት ጻፍኩት፤ አንድ ገጽ አልሞላም። ቦርዷን ግን አፍሬ መልሼ አልወሰድኩላቸውም። ለባልደረባዬ ትናንት ሁሉንም በትዕግሥት አስረዳኋት። አጎቴ ሙሄ ለዒድ ስደውልላቸው ዛሬም መርቀው ይጨርሱኛል፣ እኔም አሚን እላለሁ። የዚያን ቀን ዱዓቸው እንዳላነሰ ግን እስካሁን አልነገርኳቸውም።